እጅን በጎን በኩል በራጅ ስለ ማንሣት

አዳሪ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ማታ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ እናበራና እጃችንን በግድግዳ ላይ እያጠላን እንጫወት ነበር። መዳፋችንን ዘርግተን በሻማውና በግድግዳው መካከል ስናቆመው አምስት ጣት ያለው ሙሉ እጅ ይታያል፤ በጎኑ ስናዞረው ግን አራቱ ጣቶች እርስ በርሳቸው ይደራረቡና ጥላው አንድ ወፍራም በትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በጎን የተያዘ እጅ ለጨዋታ አይረባም ብለን ትተነው ነበር። ኮሌጅ ገብተን ስለ ራጅ አነሣሥ መማር ከጀመርን ወዲህ ግን ያ የተናቀው ጥላ፣ ሌላው ጥላ ሊመልሰው የማይችለውን አንድ ጥያቄ እንደሚመልስ ተረዳን። ጥያቄውም «ነገሩ ያለው ከዐጥንቱ በስተፊት ነው ወይስ በስተኋላ?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት ያሰብነው የበሽተኛን እጅ ለዚህ ዐይነቱ ምስል እንዴት አድርጎ ማስቀመጥ እንደሚገባ፣ አቀማመጡም ጥቂት ሲዛባ ምን ዐይነት ስሕተት እንደሚያስከትል ነው። የሕክምና ተማሪዎች ላልሆኑ አንባቢዎቻችንም ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ከሥሩ እንጀምራለን።

የራጅ ምስል ጥላ ነው። ከቱቦው የሚወጣው ጨረር በእጅ ውስጥ ሲያልፍ ሥጋው ጥቂቱን፣ ዐጥንቱ ብዙውን፣ ብረት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉን ያስቀረዋል፤ አልፎ የሄደው ጨረር ከእጁ ሥር በተቀመጠው ሰሌዳ ላይ ያርፍና ምስሉን ይሠራል። (ሰሌዳ የምንለው ቀድሞ ፊልም የያዘ ካሴት የነበረውን፣ አሁን ግን በብዙ ሆስፒታሎች በዲጂታል መቀበያ የተተካውን ጠፍጣፋ ዕቃ ነው።) ምስሉ ጥላ እንደ መሆኑ መጠን ርዝመትንና ስፋትን ያሳያል እንጂ ጥልቀትን አያሳይም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን የሚስቱን የአና ቤርታን እጅ አንሥቷል። ያን ምስል ያየ ሁሉ በጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ልብ ብለን ብንመለከተው፣ ቀለበቱ ጣቷን ዙሪያውን የከበባት መሆኑን የምናውቀው ስለ ቀለበት አስቀድሞ ስለምናውቅ ነው እንጂ ምስሉ ስለ ነገረን አይደለም። ቀለበት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ያ ብረት ከዐጥንቱ በላይ ይሁን ከበታቹ ወይም በውስጡ ይሁን ከዚያ ምስል ብቻ ሊለይ አይችልም ነበር።

ጥልቀትን ለማወቅ ያለው መንገድ ሁለተኛ ጥላ ከሌላ አቅጣጫ መውሰድ ነው፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች በ90 ዲግሪ ሲለያዩ ደግሞ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ይሆናል። በእጅ 27 ዐጥንቶች አሉ፤ እነዚህም 8 የአንጓ፣ 5 የመዳፍና 14 የጣት ዐጥንቶች ናቸው። መዳፉን በሰሌዳው ላይ አስተኝቶ የሚነሣው የፊት ምስል እነዚህን ዘርዝሮ ያሳያል፤ ዐጥንቱ ወደ መዳፍ ወይም ወደ አይበሉባ ማዘንበሉን ግን አያሳይም። ለምሳሌ ያህል ተቈጥቶ ግድግዳ በቡጢ የመታ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በትንሿ ጣት የመዳፍ ዐጥንት አንገት ላይ ነው፤ የዐጥንቱም ራስ ወደ መዳፍ ይደፋል። በፊት ምስሉ ዐጥንቱ ትንሽ ያጠረ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ከጎን ሲታይ ግን መጉበጡ ይገለጣል። ኳስ የጣቱን ጫፍ መትቶት ጫፉን ማቅናት ያቃተው ልጅም እንዲሁ ነው። ከመጨረሻው የጣት ዐጥንት በአይበሉባ በኩል ተቈርሳ የወጣችው ትንሽ ስባሪ በሚገባ የምትታየው በጎን ነው። የወለቀ ጣትም ቢሆን በፊት ምስል መገጣጠሚያው የጠበበ ብቻ መስሎ ሊያታልል ይችላል።

እኛ ግን የጎን ምስልን ዋጋ የተማርነው በስብራት ሳይሆን በመርፌ ነው። ባለፈው ዓመት ለልምምድ በተመደብንበት አንድ ሆስፒታል አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ መጡ። በስፌት መኪናቸው አጠገብ የተከመረውን ጨርቅ በመዳፋቸው ተመርኵዘው ሲነሡ፣ በጨርቁ ውስጥ የነበረች መርፌ ከትንሿ ጣት ግርጌ በታች ባለው ሥጋ ገብታ ተሰብራባቸዋለች። ግማሿን ራሳቸው መዘው አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋት ነበር፤ የመጡትም የቀረችውን እንድናገኝላቸው ነው። የፊት ምስሉን ያለ ችግር አነሣን፤ መርፌዋም በትንሿ ጣት የመዳፍ ዐጥንት ላይ ተጋድማ ታየች። ቀጥለን የጎኑን አነሣን። በዚህኛው ምስል ግን መርፌዋ በመካከለኛው ጣት የመዳፍ ዐጥንት ላይ ልክ ተኝታ ታየችና እኛም ዐጥንት ውስጥ የተሰካች መሰለን። ሐኪሙ ምስሉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «እጃቸው ወዴት አዘንብሎ ነበር?» ብለው ጠየቁን። ሁለታችንም ተያየን እንጂ መልስ አልነበረንም። አረጋዊውም ዝምታችንን አይተው «ልጆቼ፣ ጠፋች እንዴ?» አሉ።

እንደ ገና ተነሡ። በሁለተኛው ጊዜ እጃቸውን በሚገባ ደግፈን በጎኑ ስናቆመው መርፌዋ ከዐጥንቶቹ ርቃ በመዳፍ በኩል በሥጋ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ታየች፤ በማግሥቱም በመዳፍ በኩል በተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ ወጣችላቸው። በመጀመሪያው ምስል ተመርቶ እጃቸውን የከፈተ ሰው ቢኖር መርፌዋን ከሌለችበት ጥልቀት ይፈልጋት ነበር፤ በዚያ በኩል ደግሞ ትንሿንና የቀለበት ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶችና ነርቮች ያልፋሉ። ያ እጅ መቀስ ይዞ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር እጅ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ መሣሪያው ያሳየው ያቀረብንለትን ነውና።

እንዴት እንዲህ ያለ ስሕተት እንደሚደርስ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። መርፌዋ ከመካከለኛው ጣት የመዳፍ ዐጥንት ተነሥቶ ሲለካ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ትንሿ ጣት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ወደ መዳፍ ገጽ ርቃ አለች እንበል። እጁ ፍጹም በጎኑ ቆሞ ከሆነ ጨረሩ ከሌባ ጣት ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ 3ቱ ሴንቲ ሜትር በጥላው አይቈጠሩም፤ የሚታየው 1ዱ ብቻ ነው። አሁን እጁ 20 ዲግሪ ያህል በመዳፉ በኩል ወደ ታች ቢደፋስ? የ20 ዲግሪ ሳይን 0.34 ያህል፣ ኮሳይኑ ደግሞ 0.94 ያህል ነው። ወደ መዳፍ ያለው ርቀት 0.94 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ ወደ ጎን የነበረው 3 ሴንቲ ሜትር ግን በ0.34 ሲባዛ 1.02 ሴንቲ ሜትር ይሆንና በተቃራኒው አቅጣጫ ይጐትተዋል። ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀረው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መርፌዋም በዐጥንቱ ላይ የተኛች ትመስላለች። እጁ በዚያው መጠን ወደ ሌላው ወገን፣ ማለት መዳፉ ወደ ላይ ቀና ቢል ኖሮ ደግሞ ሁለቱ ይደመሩና መርፌዋ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ ትታይ ነበር። እንግዲህ 20 ዲግሪ ማለት በሰዓት ፊት ላይ የደቂቃ ቈጣሪው ከ3 ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚሄደው ነው፤ ላልተጠነቀቀ ዐይን የማይታወቅ ዝንባሌ ነው።

ወደ አቀማመጡ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ ቀለበት፣ አምባርና የእጅ ሰዓት ይወልቃሉ። በእብጠት ምክንያት ቀለበቱ አልወጣ ካለ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ወዲያው መንገር ይገባል፤ እብጠቱ ሲጨምር ጣቱን ሊያንቀው ስለሚችል ይህ የምስል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሽተኛው በርጩማ ላይ፣ ጎኑን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ይቀመጣል። ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ እግሮቹን ከሥሩ ቢያስገባ ጨረሩ ከሰሌዳው አልፎ በጭኑ ላይ ሊያርፍ ይችላልና ነው። የእርሳስ ሽርጥ ካለም በጭኑ ላይ ይደረግለታል፤ ሴት ከሆነችም እርጉዝ መሆን አለመሆኗ በጨዋ አነጋገር ይጠየቃል።

ቀጥሎ ክርኑ 90 ዲግሪ ይታጠፍና ክንዱ በሙሉ ከክርን ጀምሮ በጠረጴዛው ላይ ያርፋል። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር። በርጩማው ስለ ራቀ የአረጋዊው ክርን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እጃቸውን እንድናቆም ስንነግራቸው አቆሙት፤ እኛ ወደ መቈጣጠሪያው ክፍል እስክንሄድ ድረስ ግን ክንዳቸው ደከመና መዳፋቸው ቀስ ብሎ ወደ ታች ተደፋ። ደግሞም ያማቸዋል፤ የሚያመው ሰው እጁን የሚያሳርፈው ሕመሙ በሚቀልበት በኩል እንጂ መጽሐፉ በሚለው በኩል አይደለም። ስለዚህ አንድ አቀማመጥ ትክክል ነው የሚባለው በሽተኛው ያለ ጭንቅ ሊቈይበት ሲችል ነው። ክንዱ ላይ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት መጣል፣ በአይበሉባውና በመዳፉ በኩል ስፖንጅ ማስደገፍ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይሻላል። ስፖንጅ በሌለበት ቦታ የተጠቀለለ ፋሻ ወይም የታጠፈ ካርቶን ያገለግላል፤ ጨረር በቀላሉ ስለሚያሳልፉ በምስሉ ላይ እምብዛም አይታዩም።

እጁ የሚቆመው በትንሿ ጣት በኩል ባለው ጎኑ ነው፤ አውራ ጣት ከላይ ይሆናል። ይህን በቃል ለማስረዳት ብዙ ሞክረን ነበር። «እጅዎን በጎኑ ያድርጉት» ሲባል አንዳንዱ አይበሉባውን ያስተኛል፣ ሌላው ክንዱን በሙሉ ያዞራል። በኋላ ግን አንድ የክፍሉ ነባር ሠራተኛ «አባባ፣ ሰው ሊጨብጡ እንደሚዘረጉ አድርገው ይዘርጉልኝ» ሲሉ ሰማንና ነገሩ አለቀ። ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ አውራ ጣቱ ወደ ላይ፣ መዳፉ ወደ ጎን ነው፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ካስቀመጥን በኋላ ዐይናችንን ከጠረጴዛው ደረጃ ዝቅ አድርገን ከጣቶቹ ጫፍ ፊት ለፊት እንመለከታለን። ከላይ ቆሞ ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስል እጅ ከፊት ለፊት ሲታይ ማዘንበሉ ይታወቃል። ይህ አምስት ሴኮንድ የማይፈጅ ሥራ ሁለተኛ መነሣትን ያስቀራል።

የጣቶቹ አያያዝ እንደ ጥያቄው ይለያያል፤ በዚህ ላይ ተማሪው ብዙ ጊዜ ይደናገራል። ሥጋ ውስጥ የገባ ነገር ሲፈለግ ወይም የመዳፍ ዐጥንት መንሸራተት ሲጠረጠር አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ይገጠማሉ፤ አውራ ጣት ግን ከመዳፉ ፊት ለፊት ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን ይሠራል። አውራ ጣት ከሌባ ጣት ጎን ተጣብቆ ከቀረ በሌሎቹ ዐጥንቶች ላይ ይደራረብና ነገሩን ያጨልመዋል። ክፍት ሆኖ የሚቆምበት ትንሽ ስፖንጅ ከሥሩ ይደረግለታል። በሽተኛው ጣቶቹን ማቅናት ካልቻለ ብርጭቆ እንደ ያዘ ሰው በተፈጥሮ እንደ ጐበጡ ይተዋሉ፤ የተሰበረ ዐጥንት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄዱ በዚህም ይታያል፤ ስለዚህ በግድ ማቅናት አያስፈልግም።

ጉዳቱ በጣቶቹ ላይ ሲሆን ግን ጣቶቹ ተደራርበው ከቀሩ ምስሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። በሽተኛው በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ ጨው እንደሚቈነጥር አድርጎ፣ የቀሩትን ሦስት ጣቶች አንዱን ከሌላው ያነሰ እያጐበጠ ይከፍታቸዋል፤ ትንሿ ጣት ከሁሉ ይልቅ የቀናች ትሆናለች። ለዚህ የሚሠራ ደረጃ ደረጃ ያለው ስፖንጅ አለ፤ እያንዳንዱ ጣት በየደረጃው ያርፋል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ጣት ከሰሌዳው ጋር ትይዩ እንዲሆን ነው፤ ጫፉ ወደ ሰሌዳው ካዘነበለ መገጣጠሚያው ተዘግቶ ይታያልና በሽታ የሌለበት ጣት በሽተኛ ይመስላል። የታመመው አንድ ጣት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ያን ጣት ለብቻው ማንሣት ይሻላል።

የጨረሩ መነሻ ከሰሌዳው 100 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቀጥ ብሎም ወደ ታች ይወርዳል። የብርሃኑ መስቀል የሚያርፈው ሌባ ጣትና መዳፍ በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ነው። የብርሃኑ ወሰን ጣቶቹን በሙሉና ከአንጓው በላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክንድ እስኪይዝ ድረስ ይጠብባል። በጎን የቆመ እጅ ከተኛ እጅ የበለጠ ውፍረት ስላለው ኪሎቮልቱ ጥቂት ከፍ ይላል። የቀኝ ወይም የግራ ምልክት ከእርሳስ የተሠራው በሰሌዳው ጥግ ይቀመጣል፤ በኮምፒዩተር በኋላ የሚጻፈው ምልክት ይህን ሊተካ አይገባም። መርፌ ወይም መስተዋት ገብቶ እንደ ሆነም በገባበት ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ የብረት ምልክት በፕላስተር ማጣበቅ ሐኪሙን ይረዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ብረት በራጅ በሚገባ ይታያል፣ መስተዋትም በጣም ካላነሰ በአብዛኛው ይታያል፤ እሾህና የእንጨት ስንጥር ግን ብዙ ጊዜ አይታዩም። በባዶ እግርና በባዶ እጅ ብዙ በሚሠራበት አገራችን ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው። ራጁ ምንም አላሳየም ማለት እሾህ የለም ማለት አይደለም፤ ለዚያ የአልትራሳውንድ ምርመራ ይሻላል።

ጥላው የሚሰፋበትን ምክንያትም እናንሣ። ትንሿ ጣት በሰሌዳው ላይ ስትሆን ሌባ ጣት ከሰሌዳው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቱቦው 100 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሳለ የሌባ ጣት ጥላ 100 ለ93 በሆነ መጠን ይሰፋል፤ ይኸውም ከ100 እጅ 7 ተኩል ያህል ማለት ነው፤ ጠርዙም ጥቂት ይደበዝዛል። ስለዚህ ችግሩ ያለው በሌባ ጣት በኩል መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ፣ በሽተኛው ከቻለ እጁን ገልብጦ በአውራ ጣት በኩል ያለውን ጎን ወደ ሰሌዳው ማቅረብ ይመረጣል። ይህ አቀማመጥ ትከሻንና ክርንን ስለሚያስጨንቅ ለአረጋውያን ግን አይመችም።

ምስሉ ከወጣ በኋላ አስቀድመን የምናየው በሽታውን ሳይሆን አቀማመጡን ነው። ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ያሉት አራት የመዳፍ ዐጥንቶች ከሞላ ጎደል አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ አለባቸው፤ ከአንጓው በላይ ያሉት ሁለቱ የክንድ ዐጥንቶችም እንደዚሁ። አራቱ ተበታትነው ከታዩ እጁ አዘንብሏል። ወዴት እንዳዘነበለ ለማወቅ የሌባ ጣትን የመዳፍ ዐጥንት ከትንሿ ጣት ለይቶ ማወቅ ይበቃል፤ የሌባ ጣቱ ረጅም ነው፣ የትንሿ አጭር ነው። ረጅሙ በመዳፍ በኩል ከወጣ መዳፉ ወደ ታች ተደፍቶ ነበር፤ ረጅሙ በአይበሉባ በኩል ከታየ መዳፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነበር። ሐኪሙ ጠይቀውን ያልመለስነው ጥያቄ መልሱ በምስሉ ላይ በግልጥ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ ማንበብ አላወቅንበትም እንጂ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዲጂታሉ መሣሪያ ምክንያት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለፈበት ነው ሲሉ ሰምተናል። ኮምፒዩተር የጨለመውን ምስል ያበራል፣ የደበዘዘውን ያጐላል፤ ያዘነበለውን እጅ ግን ሊያቀና አይችልም፤ የተደራረቡት ጥላዎች አንድ ጊዜ ከታተሙ በኋላ አይለያዩም። እንዲያውም ፊልም ስለማይባክን እንደ ገና ማንሣት ቀላል መሆኑ ያሰንፋል ብለን እንፈራለን። ለአንድ የእጅ ምስል የሚበቃው ጨረር በጣም ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ያለ ጥቅም የሚሰጥ ጨረር ትንሽም ቢሆን አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቱቦውን ኀይል ለመፈተን ሠራተኞች የገዛ እጃቸውን በጨረሩ ፊት ያቆሙ ነበር፤ የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በዚህ ሥራ እጆቹ ተቃጥለው በካንሰር ከተመቱ በኋላ በ1904 እ.ኤ.አ. ሞቷል።

ሌላው ክርክር ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው። በብዙ ቦታ ለተመታ እጅ የፊትና የሰያፍ ምስል ብቻ ይነሣል፤ ሰያፍ የሚባለው እጁ 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ የሚነሣው ነው። ሰያፉ የመዳፍ ዐጥንቶችን ስለሚለያያቸው ስንጥቅን ለማግኘት ከጎኑ ይልቅ እንደሚሻል እናምናለን። ነገር ግን የተሰበረው ዐጥንት በስንት ዲግሪ እንደ ጐበጠ በሰያፍ መለካት ልክ አይሰጥም፤ በትንሿና በቀለበት ጣት ግርጌ ያሉት ዐጥንቶች ከአንጓው ወጥተው ወደ አይበሉባ መሄዳቸውም በጎን ምስል ይገለጣል። ስለዚህ በበኩላችን፣ ስብራት፣ ውልቃት ወይም ባዕድ ነገር በሚጠረጠርበት ጊዜ ሦስቱም ይነሡ እንላለን። የልጅ የዐጥንት ዕድሜ ለማወቅ በሚነሣው የግራ እጅ ምስል ላይ ግን የጎኑን መጨመር ከንቱ ነው፤ ለዚያ የፊቱ ብቻ ይበቃል።

የተሰባበረ ወይም በጣም ያበጠ እጅ ምንም ቢደገፍ ፍጹም በጎኑ የማይቆምበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ እጁን በጉልበት ከማዞር እጁን እንዳለ ትቶ ቱቦውንና ሰሌዳውን ማዞር ይቻላል፤ መዳፉ በትራስ ላይ ተኝቶ ሳለ ሰሌዳውን በጎኑ አቁሞ ጨረሩን አግድም መስደድ ማለት ነው። ይህም ካልተቻለ እጁ ባረፈበት ይነሣና በማዘዣው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከልብስ ሰፊው ወዲህ እኛ የምንጽፈው እንዲህ ነው፤ «በሕመም ምክንያት እጁ በሙሉ በጎን አልቆመም፤ መዳፉ ወደ ታች ጥቂት ተደፍቷል።»